እጅ እጅ ያለኝ የእጅ ልምምድ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰው የጻፈውን በማረም ነው። ቀይ እስክሪብቶ፣ የታተመ ወረቀት፣ ጥሩ መብራት፤ ሌላ አያስፈልገኝም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኅዳጉ ላይ «ተደግሟል» ብዬ ልጽፍ ስል ሌባ ጣቴ ከእስክሪብቶው ላይ ተነሣች። እኔ አላዘዝኳትም። መለስኳት። እንደገና ተነሣች። በግድ ልጫናት ስል የእጄ አንጓ ወደ ውስጥ ታጠፈና እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ደክሞኝ ነው አልኩ። በማግስቱም ደክሞኝ ነው አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ወር ሙሉ ደከመኝ።

የሚገርመው፣ ለሌላው ሥራ ሁሉ እጄ ደህና ነበረች። መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። የልጄን ፀጉር እጎነጉናለሁ። በር እከፍታለሁ፣ እቆልፋለሁ። እስክሪብቶ ስይዝ ብቻ የሌላ ሰው እጅ ትሆናለች። ጓደኞቼ «ሥራ ጠልተሽ ነው» እያሉ ቀለዱብኝ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪምም ከዚያ ብዙ አልራቀም። «ጭንቀት ነው፣ ዕረፍት ውሰጂ» አለኝ። ወሰድኩ። አንድ ወር እስክሪብቶ ሳልነካ ከረምኩ። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ሌባ ጣቴ ቀጥ ብላ ተነሣች፤ ክፍል ውስጥ «እኔ! እኔ!» እንደሚል ተማሪ።

ሁለተኛው የነርቭ ሐኪም ነበር። ግማሽ ገጽ አስጻፈኝና ዝም ብሎ አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን በግራ እጄ እንድይዝ ነገረኝ። በግራዬ እየተንቀጠቀጥኩ ስጽፍ እሱ የሚያየው ቀኝ እጄን ነው። እኔም አየሁ። ቀኝ እጄ ምንም ሳትይዝ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ጣቷን አነሣች! እጅ በአፍ ማለት ይኼኔ ነው።

«ዲስቶኒያ» አለኝ። አእምሮ ለጡንቻ የሚልከው ትእዛዝ ሲዛባ፣ አብረው መሥራት የሌለባቸው ጡንቻዎች አብረው ይኮማተራሉ። አንዳንዱን ሰው አንገቱ ላይ ይይዘዋል፣ አንዳንዱን ዓይኑ ቆብ ላይ፣ ሙዚቀኛውን በሚጫወትበት ጣት ላይ። እኔን በምጽፍበት እጅ ያዘኝ። ኢጣሊያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ የጸሐፊዎችን እጅ ሕመም የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1713 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን «የጭንቀት ነው» ሲባል ኖሮ፣ በ1982 ሺሂ እና ማርስደን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች «አይደለም፣ ይህ ዲስቶኒያ ነው» ብለው ጻፉ። ይህን ሳነብ ያንን የመጀመሪያውን ሐኪም ማረም አማረኝ። በቀይ።

የነርቭ ሐኪሙ በየሦስት ወሩ ገደማ የሚደገም የቦቱሊነም ቶክሲን መርፌ ጀመረልኝ። ብዙ ሰው ቦቶክስ ብሎ የሚያውቀው ነው። ከመጠን በላይ የሚጎትተውን ጡንቻ ለጊዜው ያደክመዋል። ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። እኔ ጡንቻ ሊያጠነክሩልኝ መስሎኝ ነበር፤ የምትጨመቅ ኳስ ምናምን። የጠበቀኝ ሌላ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ ወጣት ነው፣ ትሑት። ገና እንደተቀመጥኩ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለኝና ሁለት ጫፍ ባላት መለኪያ የጣቴን ጫፍ ነካ።

«አንድ ነው ሁለት?»

በግራ እጄ ጫፎቹ 3 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ሁለት መሆናቸው ገባኝ። ቀኝ ሌባ ጣቴ ላይ ግን «አንድ»። አራራቃቸው። «አንድ»። 5 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ «ሁለት... መሰለኝ» አልኩ። ደነገጥኩ። እጄ የማትታዘዝ መሆኗን አውቃለሁ። የማትሰማ መሆኗን ግን አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሯችን ውስጥ የሰውነታችን ካርታ አለ፣ እያንዳንዱ ጣትም እዚያ የራሱ ቦታ አለው። ናንሲ ቢል የተባሉ አሜሪካዊ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 ያሳተሙት ሥራ አለ። ዝንጀሮዎች አንድ ዓይነት መጨበጥና መልቀቅ በፍጥነትና በብዛት እንዲደጋግሙ አሠለጠኑ። በኋላ እጃቸው አልታዘዝ አለ። አእምሯቸው ሲመረመር፣ አንዲት የነርቭ ሕዋስ የምትሰማው የቆዳ ስፋት ከተለመደው ከ10 እስከ 20 እጥፍ አድጎ፣ የአንዱ ጣት ቦታ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ተገኘ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሰዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም የእጅ ዲስቶኒያ ባለባቸው ሰዎች የጣቶቹ ቦታ ተቀራርቦና ተዘበራርቆ አሳዩ።

ለእኔ ለአራሚዋ ይህ ቶሎ ገባኝ። ቀለም የበዛበት ሕትመት ማለት ነው። ቀለሙ ሲፈስ ሰ እና ሸ አይለዩም፣ ደ እና ጀ አንድ ይሆናሉ። አንባቢው ቢሳሳት ዓይኑ ስለታመመ አይደለም። የእኔም እጅ ካርታዋ ላይ ቀለም ፈስሶባታል። ስለዚህ ሕክምናው የሚጀምረው ከማዘዝ ሳይሆን ከመስማት ነው፤ ጣቶቹን እንደገና ለየብቻ ማወቅ። የመዳሰስ ልምምድ ይሉታል።

በወረቀት ላይ እንዴት ያምራል! ቤት ስገባ ግን ያ ሁሉ ጠፋ።

የቤት ሥራው ይህ ነበር። በቀን ግማሽ ሰዓት ዓይን ጨፍኖ ካርዶችን መዳሰስ። ካርዶቹ ላይ የተለያየ ጨርቅና አናጢዎች እንጨት የሚያለሰልሱበት ሻካራ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ሁለት ሁለቱን እያነሡ «አንድ ዓይነት ነው? ይለያያል?» ማለት ነው። ከዚያ ሩዝ በሞላበት ሳህን ውስጥ አዝራር መፈለግ። ከዚያ እንደገና ካርዱ። መልሱን የሚነግረኝ የለም፣ ራሴ ገልጬ አያለሁ። የምሞላው ቅጽ ነበረ፣ በየቀኑ ምልክት የሚደረግበት።

በአማርኛችን «እጅ እጅ አለኝ» የሚባለው ነገር ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ የገባኝ በዚያ ሰሞን ነው። በአራተኛው ቀን ካርዱን እየዳሰስኩ ስለ ምሳ አስባለሁ። በሳምንቱ ተኝቼ ተገኘሁ፣ አዝራሩ መዳፌ ውስጥ። በሁለተኛው ሳምንት ምን እንደሆነ ልናዘዝ፦ ካርዱን ሳልነካ ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። በግራ እጄ። የሰው ስህተት ሳድን የኖርኩ ሴት የራሴን ቅጽ አጭበረበርኩ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ወረቀቱን አየና ምንም አላለም። መለኪያዋን አወጣ። 5 ሚሊ ሜትር፣ እዚያው። ያን ጊዜ እውነቱን አወጣሁ። ይቆጣል ስል ሳቀ።

«ሠርተውት ቢሆንም ኖሮ ብዙ ለውጥ አላይም ነበር» አለኝ። «ስለ ምሳ እያሰቡ ከዳሰሱ እጅዎ አልሠራችም ማለት ነው።»

ያስረዳኝ ነገር እስካሁን አብሮኝ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዝንጀሮዎች ላይ የተሠራ ሌላ ሙከራ አለ። ጣታቸው ላይ የሚነዝር ነገር ይደረግባቸዋል። ልዩነቱን ለይተው እንዲመልሱ የተደረጉት ዝንጀሮዎች የጣት ካርታቸው ተለወጠ። ሐሳባቸው ሌላ ነገር ላይ ሆኖ ያው ንዝረት ብቻ የደረሳቸው ግን እንዲያ አልሆኑም። ማለትም ቆዳ ስለተነካ ብቻ አእምሮ ካርታውን አያርምም። ልብ መስጠት አለበት። መልስ መጠበቅ፣ መሳሳት፣ ማግኘት አለበት። ስለዚህ መሰልቸቴ የጠባይ ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ መድኃኒቱን ከብልቃጡ እንደ ማፍሰስ ነው። እንግዲህ እኔ ይህን ያህል ፈውስ ነው ማፍሰሴ! የሚያስደስት ነገር መፈለግ ቅንጦት አለመሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

መፍትሔውን ግን ያገኘነው እኔም እሱም አይደለንም። ልጄ ናት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

አንድ ማታ ካርዶቼን ዘርግቼ ስተክዝ መጣችና ዓይኗን ጨፍና መዳሰስ ጀመረች። አሥሩንም በትክክል መለሰች። ከዚያ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ እንደምታይ ደረስኩባት። እኔም እንደዚያው ሞከርኩ፣ ደረሰችብኝ። ተሳሳቅን። «እማዬ፣ ይኼ ነገር ግን ያስጠላል» አለች፣ ቀጥ አድርጋ። ተነሥታ ሄደችና የአባቷን ካልሲ ይዛ መጣች። ውስጡ አንድ ነገር አለ። «እጅሽን አስገቢ። ምንድነው?»

የእስክሪብቶ ክዳን ነበር። የእኔው የቀዩ እስክሪብቶ ክዳን። አወቅኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ካልሲው ከእራት በኋላ የሚጠበቅ ነገር ሆነ። ልጄ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታድን ትውላለች። መፋቂያ ላጲስ፣ የፀጉር መያዣ፣ የተሰበረ አሻንጉሊት እጅ (በዚህኛው ጮኬያለሁ)፣ ሁለት መጠናቸው የሚቀራረብ ቁልፎች። እየቆየች ረቀቀች። አንድ ቀን ባዶ ካልሲ ሰጠችኝ፤ ሦስት ደቂቃ ፈለግኩ። ሌላ ቀን ዶሚኖ አስገባች። ዶሚኖ እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! ነጥቦቹ ጎድጎድ ያሉ ናቸው። በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ሲዳሰሱ ይቆጠራሉ። አንድና ሁለት ቀላል ነው። አምስትና ስድስትን መለየት ግን እኔን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የአምስት መሐሏ ነጥብ አለች፣ የስድስት መሐሉ ባዶ ነው። አምስትን በጣቴ አውቄ የጠራሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ የመጽሐፍ ምርቃት ላይ እንኳ አላገኘሁትም።

ከሁሉም የምወደው ግን የፊደሉ ጨዋታ ነው። መዳፌን እዘረጋለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እሷ በጣቷ ትጽፋለች። መጀመሪያ አንድ ፊደል ብቻ። እኔ እናገራለሁ። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ቀን ሀ ብላ ጻፈች፣ እኔ «በ» አልኩ። ደገመች። «በ!» ተከራከርን። ለካስ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነው የምትጽፈው። ለእሷ ሀ የሆነው ለእኔ ተገልብጦ በ ሆኖ ይደርሰኛል። ከዚያ በኋላ ጎኔ መቀመጥ ጀመረች።

ፊደላችን ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። ልዩነቱ እኮ ሁሉ ጥቃቅን ነው። ነ እና ኘን የሚለያቸው ከላይ ያለችው ሰረዝ ናት። ሉ እና ሊን የሚለያቸው ቅጥያዋ ወገቧ ላይ ናት ወይስ እግሯ ላይ የሚለው ነው። ሌ እግሯ ላይ ቀለበት አላት። ለመዳፍ ይህን መለየት ከባድ ፈተና ነው፣ ግን የሚቻል ፈተና። ዕድሜዬን ሙሉ በዓይኔ ያደንኳቸውን እነዚያን ሰረዞች አሁን በቆዳዬ አድናለሁ። መዳፌ ሲለምድ ወደ ጣቶች ወረድን። በመጨረሻ ወደ ሌባ ጣት ጫፍ። እዚያ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ልጄ በጥፍሯ ሳይሆን በክብሪት እንጨት ጫፍ ነው የምትጽፈው፤ ያልተጫረ ክብሪት፣ ጭንቅላቱ በሌለበት በኩል።

አንድ ሕግ ነበረን፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ያወጣው። ጣቴ መነሣት ወይም አንጓዬ መታጠፍ ሲጀምር ጨዋታው ወዲያው ይቆማል። ማሸነፍ ቀርቶ መጨረስም የለም። «የተኛ ሕፃን ጉንጭ እንደሚነኩ አድርገው ይንኩ» ይለኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተዛባውን እንቅስቃሴ ይዘን ከተለማመድን የምንለማመደው ሕመሙን ነው።

ይህን ሕግ የጣስነው አንዴ ነው፣ ዋጋውም ከባድ ነበር። የወንድሜ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ሁሉ ነገር ለእሱ ውድድር ነው። የካልሲውን ጨዋታ ሲያይ ስልኩን አወጣና ሰዓት መያዝ ጀመረ። አምስት ዕቃ፣ ከካልሲው ሳይወጣ፣ ማን ቶሎ ይጠራል? ቤቱ በጩኸት ተሞላ። 41 ሰከንድ። 33። እኔም ሞቅ አለኝ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። 27 ላይ ስደርስ እጄ ካልሲው ውስጥ ጭብጥ ብላ ቀረች። ሳብኩ፣ አልተፈታችም። በግራ እጄ አንድ በአንድ ጣቶቼን ፈታኋቸው። ልጆቹ ዝም አሉ። የዚያን ሳምንት ሌባ ጣቴ የጥርስ ብሩሽ ስይዝ ሳይቀር ተነሣች። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ፊዚዮቴራፒስቱ ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተኮሳተረ። «ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ድግግሞሽ፣ መወጠር። እነዚያን ዝንጀሮዎች ያስታውሷቸዋል?» አለኝ። አስታወስኩ። ሕመሙን የሠራውን መንገድ ራሳችን ጠርገን ነበር የምንሮጥበት። ለካ አስደሳች ስለሆነ ብቻ ጨዋታ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ልብን ሰቅሎ የሚይዝ ግን እጅን የማያስጨንቅ መሆን አለበት። ሁለቱን ማስታረቅ ቀላል አይደለም። መደሰት ራሱ እኮ ያወጥራል።

በዚህ ላይ ሁለት ቀን አሰብን፣ ከልጄ ጋር። የመጣልን መልስ ፌስታል ነው። ካልሲውን ትተን ዕቃዎቹን በሚንኮሻኮሽ ፌስታል ውስጥ ከተትናቸው። ሕጉ ተገለበጠ፦ ድምፅ ያሰማ ይሸነፋል። ሰዓት የለም፣ የፈለግከውን ያህል ቆይ፣ ግን ፌስታሏ እንዳትሰማ። አሁን ለማሸነፍ ብቸኛው መንገድ እጅን ማላላት ሆነ። ጡንቻዬ ትንሽ ሲወጠር ገና እኔ ሳላውቅ ፌስታሉ ይነግረኛል፤ «ኮሽ!» ልጄ ጆሮዋን አስጠግታ ትጠብቃለች፣ ትንፋሿን ይዛ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በቤታችን ሰፍኖ አያውቅም። የወንድሜ ልጅ በዚህ ጨዋታ የመጨረሻ ወጣ። አልደብቅም፣ ደስ ብሎኛል።

ፊዚዮቴራፒስቱ የፌስታሉን ነገር ሲሰማ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። በሌላ ጊዜ ስመጣ መሳቢያው ውስጥ ፌስታል አየሁ።

በመሐሉ ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡትን ብሬልም ሞክረናል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የእጅ ዲስቶኒያ ያለባቸው 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ብሬል በጣታቸው ማንበብ ተለማመዱ። የመዳሰስ ችሎታቸው ተሻሻለ፣ የአንዳንዶቹም አጻጻፍ። 10 ሰው ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሐሳቡ ማረከኝ። ብሬል የምትባለው ፊደል በስድስት ነጥብ የተሠራች ናት፣ ሦስት በቁመት ሁለት በወርድ። ሉዊ ብሬል ሲቀምራት ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ይህን ስነግራት ልጄ «ታዲያ እኔ ስድስት ዓመት ይቀረኛል» ብላ የራሷን ልትቀምር ተነሣች።

ስድስት ነጥብ 63 ዓይነት ቅርጽ ይሰጣል። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። አልገጠመልንም። ስለዚህ የግዕዙን ረድፍ 33 ፊደላት ብቻ ወስደን የራሳችን ምስጢር ጽሑፍ አደረግነው። በጠንካራ ወረቀት ጀርባ በመርፌ ትወጋለች፣ እኔ በፊት በኩል የወጣውን እብጠት እዳስሳለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ምንም ትርጉም አልነበረውም። ከጀርባ ስለምትወጋ ነጥቦቹ ግራና ቀኝ ተገላብጠው ይመጣሉ። ያንን ካረመች በኋላ ትራሴ ሥር ደብዳቤ መቀመጥ ጀመረ። ሁሉ ግዕዝ ስለሆነ ሲነበብ እንግዳ ቋንቋ ነው፤ «ከረመለ ገዠለኘ» ይላል አንዱ። ከረሜላ ግዢልኝ ማለቷ ነው። እኔ እንግዲህ የፊደል ግድፈት እያየሁ ዝም ማለትን የተማርኩት እዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሊኒኩ የሰዎች መጠበቂያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የማገኛቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አገጫቸውን በጣታቸው ነክተው ነው የሚቀመጡት። በሐሳብ የተዋጡ ፈላስፋ ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን ጣታቸውን አንሥተው ሰላምታ ሲሰጡኝ አንገታቸው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ። ጣታቸውን ሲመልሱ አንገታቸውም ተመለሰ። ገፍተውት አይደለም፣ ነክተውት ብቻ። «እኔ አልይዘውም፣ አስታውሰዋለሁ» አሉኝ። ሐኪሞች የመዳሰስ ዘዴ የሚሉት ነው፣ ዲስቶኒያ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ነው የሚያገኘው። እኔም ከእሳቸው በኋላ የራሴን ፈለግኩ። የቀለበት ያህል የጠበበ የጨርቅ ክር ሌባ ጣቴ ላይ ሳስር ጣቴ ትንሽ ትረጋጋለች። ሁልጊዜ አይደለም። ልጄ ክሩን በየሳምንቱ ቀለም ትቀይርልኛለች።

አሁን የት ነኝ? እውነቱን ልንገራችሁ። ሥራዬን በኮምፒውተር ነው የምሠራው፣ ቀዩ እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ነው። መርፌውን አላቆምኩም፤ ከለውጤ የትኛው የመርፌው፣ የትኛው የካልሲው እንደሆነ መለየት አልችልም። በቅርብ የተለካው 3 ሚሊ ሜትር ላይ «ሁለት» አልኩ፣ ሳልጠራጠር። ወፈር ባለ እስክሪብቶ፣ ስፖንጅ ተጠቅልሎበት፣ አራት መስመር ያህል እጽፋለሁ። በአምስተኛው ሌባዬ ትነሣለች። ድሮ ብትሆን እጫናት ነበር። አሁን እስክሪብቶውን አስቀምጬ መዳፌን እዘረጋለሁ። መጥፎ ቀኖችም አሉ። እንቅልፍ ያጣሁ ቀን፣ የተናደድኩ ቀን እጄ ሁሉን ትረሳለች።

ይህን አንብባችሁ ልትሞክሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ከሚያክማችሁ ሰው ጋር ተነጋገሩ፤ የአንገት ሌላ ነው፣ የእጅ ሌላ ነው፣ የእኔ እጅና የእናንተም እጅ አንድ አይደሉም። ልጅ ግን ብትዋሱ ይጠቅማችኋል። ያስጠላውን ነገር ያስጠላል ብሎ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ትናንት ማታ የመኝታ ሰዓቷ አልፎ ነበር። «ተኚ» አልኳት። መልስ አልሰጠችም። ክብሪቷን አንሥታ ሌባ ጣቴን ያዘች። ዓይኔን ጨፈንኩ። አ። ል። ተ። ኛ፤ እዚህ ላይ ቆም አልኩ፣ የላይኛዋን ሰረዝ ጠበቅኩ፣ መጣች። ም።

አምስቱንም አገኘኋቸው። ልቆጣት ስል ሳቅ አመለጠኝ። መብራቱን አጠፋሁት።

«ይኼማ በጨለማም ይቻላል» አለች፣ እጄን እየፈለገች።